ሆዱ ጥቁር ዳቦ

የኔታ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰብሳቢው ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ያብራራል፤ እኛ ፊት ለፊታችን የተደረደረውን ብስኩት እንቆረጥማለን። ስልኬ ነዘረ፤ ወጥቼ አነሳሁ፤ ሰማሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ ግራ ሲገባኝ አንድ ብስኩት አነሳሁና ዓይኔን ጨፍኜ ከጥጉ ቆንጠር አደረግኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ አየችኝና "ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "እናት እንዳለው እያየሁ ነው" አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን እንባዬ ቀደመኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ያኔ ያላስረዳኋትን አሁን ልናገር።

የኔታ ላቀው በእስቴ ወረዳ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው እንሽላሊት የሚሾልክበት የድንጋይ ካብ ነው። ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ከጎጃም መጥተው ነው ከተማው ውስጥ የሰፈሩት። በበዓል ማኅሌት ይቆማሉ፤ በአዘቦት ቀን በረንዳቸው ላይ የሰፈሩን ልጅ ፊደል ያስቆጥራሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። ሚስት አላገቡም፤ ልጅ የላቸውም። ሰዉ ሁሉ "ጋይንቴው የኔታ" ነው የሚላቸው። አገርዎ የት ነው ሲባሉም "ጋይንት" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይጨምሩም።

ፊደል ሊቆጥር የሚመጣ ልጅ ከቤቱ ትንሽ ነገር ይዞላቸው ይመጣል። ቆሎም ይሁን፣ ቁራሽ ዳቦም ይሁን፣ የተቀቀለ ድንችም ይሁን። ታዲያ የኔታ እንደ ማንም ሰው ዝም ብለው አይበሉም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከጥጉ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያኖሩታል። ከዚያ ይናገራሉ።

"ይሄ የነስንዱ ዳቦ ነው። ዛሬ እናትሽ ቸኩላለች፤ ሊጡ ሳይደርስ ነው የጋገረችው።"

ስንዱ እኔ ነኝ። እናቴ እውነትም የዚያን ለት እንቅልፍ ጥሏት አርፍዳ ነበር።

"ይሄኛው ደግሞ የወፍጮ ቤት ዱቄት ነው። ከሽሮ እህል ቀጥሎ ነው የተፈጨ፤ ሽሮ ሽሮ ይላል። እናትህን 'ወረፋ ስትይዥ ከፊትሽ ማን እንዳለ እይ' በላት።"

እኛ ልጆች ደብተራ ስለሆኑ መጽሐፍ ገልጠው ነው የሚያውቁት እንባባል ነበር። ወንድሜ ደሴማ ሌሊት ጋኔን እየላኩ በየቤቱ ድስት ያስከፍታሉ ብሎ አስወርቶባቸዋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ አያርፍም፤ ቀጥ ብዬ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"የኔታ፣ እንዴት ነው የሚያውቁት?"

"ለምኜ ነዋ" አሉኝ እየሳቁ። "እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። አኩፋዳ ተሸክመን በየደጁ እንለምናለን፤ የሁሉም ቤት ቁራሽ አንድ ላይ ይደባለቃል። ስንካፈል የማን ቤት እንደሆነ እየቀመስሁ መለየት ጨዋታዬ ነበር። ጨዋታው አልለቀቀኝም።"

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ለእኛም ተረፈ። የቀመስነውን ነገር "ጣፈጠኝ" ብለን ካለፍን አይለቁንም። "ቀምሰሽ ነው ወይስ ውጠሽ?" ይሉኛል። ላማችን የወለደች ሰሞን እማዬ እንገሩን ጥዳው፣ ረግቶ እንደ አይብ ሲሆን የኔታን አስጠራቻቸው። ዙሪያውን ከበን ተቀመጥን። የኔታ ደሴን "ምን ምን ይላል?" አሉት። ደሴ አስቦ አስቦ "ጥጃ ጥጃ ይላል" አለ። የኔታ ጥምጥማቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "በል ይሄ ልጅ ቀምሷል" ብለው ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው ሰጡት። እኔ ቀንቼ ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

የልጅነቴን ምግብ ሁሉ ዛሬም ድረስ ለይቼ የማስታውሰው በእሳቸው ምክንያት ነው። የእማዬ ዳቦ ቆሎ ከጥርስ ላይ ቆይቶ በርበሬው ኋላ እንደሚመጣ፤ ከማሳ የቀጠፍነው የባቄላ እሸት መጀመሪያ ሣር ሣር ብሎ ኋላ እንደሚጣፍጥ፤ አክስቴ ከጋይንት ደጋ የምትልክልን የገብስ በሶ ብርዝ ሲነካው እንዴት እንደሚሸት። ሌላው ሰው ልጅነቱን በዓመተ ምሕረት ይቆጥራል፤ እኔ በምላሴ ነው።

የቡሄ ለት ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ብለው ያመጡትን ሙልሙል የኔታ በረንዳ ላይ ይዘረግፉታል። የኔታ አንድ በአንድ እየቀመሱ ወደየቤቱ ይመልሱታል። "ይሄ የወይዘሮ እንትና። ይሄ የአስተማሪው ሚስት፤ ጨው ፈርታለች። ይሄ... ይሄ ቤት ሐዘን አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።" አንድ ዓመት እኔ ልፈትናቸው ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ ገዛሁ፤ በጥቀርሻ አሸት አሸት አድርጌ ከሙልሙሉ ጋር ቀላቀልኩት። የኔታ ቀመሱት። ደግመው ቀመሱት። ዓይናቸውን ገልጠው ዙሪያውን አዩንና "ይሄ ዳቦ እናት የለውም" አሉ። ልጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ኩም አልኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዳቦውን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። የቀመሱት የፈለገውን ያህል ቢጥም የኔታ መጨረሻ ላይ አንድ ፊት ያሳያሉ። መንገድ ላይ ከሩቅ የሚያውቀው ሰው መስሎት ተጣርቶ፣ ሲቀርበው ሌላ ሆኖበት አንገቱን እንደሚደፋ ሰው ያለ ፊት ነው። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው የተረፈውን ለልጆች ያከፋፍሉታል። ሌላው ደግሞ በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ በትራቸውን ይዘው ጋይንት ይሄዳሉ። ሰፈሩ "ዘመድ ሊጠይቁ" ይላል። ሦስት ሳምንት ቆይተው አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ከዘመድ የመጣ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ድፎ ይዞ አይመጣም እንዴ? እሳቸው ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው ነገሩ የወጣው። እማዬና እኔ ደጅ ተቀምጠን ባቄላ እንፈለፍላለን። የኔታ ከጋይንት በተመለሱ በማግስቱ ነው፤ መጥተው ካቡ ላይ ተቀመጡ። እማዬ ባቄላዋን ሳታቋርጥ "የኔታ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ከዘመዶችዎ ጋር ይጣላሉ እንዴ? ስንቅ እንኳ አይቋጥሩልዎትም" አለቻቸው።

የኔታ በትራቸውን ካቡ ላይ አስደገፉ። ከዚያ "ዘመድ የለኝም" አሉ። "የምሄደው ፍለጋ ነው።"

እማዬ እጇ ቆመ።

"አምስት ዓመቴ ይሁን ስድስት አላውቅም" አሉ። "እናቴ ልጅ አልበረከተላትም፤ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ሞተውባታል። እኔን ስትወልድ ለማርያም ተሳለች። 'ይህን ካተረፍሽልኝ ላንች ነው፤ ተምሮ ተመልሶ ደጅሽን ያገለግላል' ብላ። እኔ ተረፍሁ። አንድ ዲያቆን ለትምህርት ወደ ጎጃም ሲያልፍ አደራ ብላ ሰጠችኝ። ዓባይን በትከሻው ነው ያሻገረኝ። በረሃው ላይ ወባ ያዘው፤ ጎጃም መምህሩ ቤት በደረስን በሳምንቱ ሞተ። እኔ ቀረሁ።"

"ታዲያ አገርዎን አልተናገሩም?" አለች እማዬ።

"ሕፃን ምን ያውቃል? ደብርህ ማን ነው አሉኝ፤ ማርያም አልሁ። እናትህ ማን ናት አሉኝ፤ እምዬ አልሁ።"

"ወይ ጉድ" አለች እማዬ። "በዚህ አገር ማርያም ያልሆነ ደብር፣ እምዬ ያልተባለች እናት ከየት ይገኛል?"

"እኮ። አንድ ነገር ግን ይዤያለሁ። የሄድሁ ለት ዳቦ ጋግራልኛለች። ትንሽ ናት፣ በመዳፌ ልክ። ስትቆረስ ሆዷ ጥቁር ነው፤ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ አለበት። በላሁት፤ ጥርሴም ምላሴም ጠቆረ። እናቴ አፌን አይታ ሳቀች። ፊቷን ረስቼዋለሁ፤ ሳቋን ግን እሰማዋለሁ። ጋይንት ውስጥ ያን ዳቦ የሚጋግር አንድ መንደር ይኖራል። እሱን ነው የምፈልግ።"

እኔ አላስችል አለኝ። "ቢያገኙትስ? አሁንማ እናትዎ..."

እማዬ በጉልበቷ ጎሸመችኝ። የኔታ ግን አልተቀየሙኝም። "ልክ ነሽ ስንዱ፣ ሞታለች። ሁላችንም ሟች ነን። ስለቷ ነው ሆዴን የሚበላው። እኔ የሰው ደብር ሳገለግል ዘመኔ አለቀ። እናቴ ግን ማርያምን እንደዋሸቻት፣ ሰዉ ፊት እንዳፈረች ነው የሄደች። አንድ ዓመትም ቢሆን ያን ደጅ ካላገለገልሁ መማሬ ምን ይረባኛል?"

እማዬ በማግስቱ ኑግ ቆልታ ወቅጣ፣ በስንዴ ሊጥ ሆድ ውስጥ አድርጋ ጋገረችላቸው። ጎረቤት ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ጠበቀ። የኔታ ቀመሱ። ያ ፊት መጣ። "ጥሩ ነው" አሉ፤ "የስንዱ እናት ዳቦ ነው።"

እኔ ተምሬ ነርስ ሆንኩ፤ ዕጣዬ እዚያው እስቴ ጤና ጣቢያ ወደቀ። ለሥራ ወጣ ባልኩ ቁጥር ሥራዬ ሁለት ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የየኔታ። ጋይንት አርብ ገበያ ለስልጠና በሄድኩ ጊዜ ገበያው ውስጥ ገብቼ ኑግ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቁጢጥ አልኩና "ሆዱ ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበት አገር ታውቃላችሁ?" አልኳቸው። አንዷ ከት ብላ ሳቀች። "አንች ልጅ፣ በየዓመቱ እየመጡ ይህን የሚጠይቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ልጃቸው ነሽ?" አለችኝ። ስማዳ ወርጄ ወገዳም ጠየቅኩ፤ የስማዳ ሰው ኑግን ከቆሎ ጋር እንጂ ከዳቦ ጋር አያውቀውም አሉኝ። የኔታ ጉልበታቸው እየደከመ መጣ፤ የጋይንቱ መንገድ ከሦስት ሳምንት ወደ አንድ ወር ረዘመ። አንድ ዓመት ጭራሽ መሄድ ሲያቅታቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጥምቀትን አሳለፉ። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ የደረሰው ታኅሣሥ ገባ እንዳለ ነው። እኔ የደረሰኝ ሸንበቂት የምትባል፣ ወደ ስማዳ መውረጃው አፋፍ ላይ ያለች የእስቴ ቀበሌ ናት፤ ከመካነ ኢየሱስ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ። የክትባቱን ሳጥን አንግቼ ከቤት ቤት እዞራለሁ። አንዷ እናት ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን አምጥታ አቀፈችልኝ። "አፍህን ክፈት ማሙሽ" አልኩት። ከፈተ። ጥርሱ፣ ምላሱ፣ ድዱ፣ ሁሉም ጥቁር።

ደነገጥኩ። "ምን ሆኖ ነው? ምን ጠጣ?"

እናቱ ሳቀች። "ምንም አልሆነም፤ ትናንት በዓታ አልነበር? የተረፈውን የኑግ ዳቦ በልቶ ነው። የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ታያለሽ።"

እውነቷን ነው። ከዚያ ቤት ወዲያ አሥራ ሰባት ሕፃን አፍ አስከፍቻለሁ፤ አሥራ ሰባቱም ጥቁር። ጠብታውን ስጨምር አንዱን ልጅ አፍንጫው ላይ አንጠባጠብኩበት።

መካነ ኢየሱስ እንደገባሁ ቤቴ እንኳ ሳልደርስ የኔታ ጋር ሄድኩ። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "ሸንበቂት የት ነው?" አሉኝ።

"እዚሁ። እስቴ።"

"አይሆንም። እኔ ጋይንቴ ነኝ።"

"የኔታ፣ ጋይንቴ መሆንዎን ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? ጋይንቴ ነበር የምባል። የቆሎ ተማሪ በአገሩ ነው የሚጠራ። ጎንደሬ፣ ወሎዬ፣ ጋይንቴ። ገና ስገባ ጀምሮ ጋይንቴ ነው ያሉኝ።"

"እርስዎ አገሬን አላውቅም አላሉም? ታዲያ እነሱ ከየት አወቁ?"

"እንግዲህ..." አሉ።

"ይዞዎት የመጣው ዲያቆን የየት አገር ሰው ነበር?"

የኔታ ወደ ጓሮው አዩ፤ ወደ እጃቸው አዩ። "የጋይንት" አሉ።  "እሱ ጋይንቴ ነበር። ታላቁ ጋይንቴ፣ ትንሹ ጋይንቴ ይሉን ነበር።"

ከዚያ ተቆጡ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። "አንድ ጥርሱ የጠቆረ ሕፃን አይተሽ አገሬን ልትቀይሪብኝ ነው? ሂጅ፣ ደክሞሻል፣ ቤትሽ ግቢ" አሉኝ። ሄድኩ። አልቀየምኳቸውም፤ ሰው ስልሳ ዓመት አገሬ ያለውን ቦታ ተሳስተህ ነው ሲባል ምን ይበል? ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የጎረቤት በቅሎ ለምነው አስጭነው ቆመዋል። "ምሪኝ" አሉ።

አምስቱን ሰዓት እኔ ከፊት፣ እሳቸው በበቅሎ ከኋላ ሆነን ሄድን። አንድ ጊዜ ብቻ "ሕፃኑ አፉን ሲከፍት እናቲቱ ሳቀች ነው ያልሽኝ?" አሉኝ። "አዎ ሳቀች" አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም።

ሸንበቂት ስንደርስ የሕፃኑ እናት ወደ እማማ ዘውዴ ቤት ወሰደችን። እማማ ዘውዴ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ወገባቸው ቢጎብጥም ዓይናቸው እንደ መርፌ ነው። የኔታን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። እኔ ነገሩን ሳስረዳ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

"መሬት ፍለጋ ከሆነ የመጣችሁት ተለክቶ፣ ደብተር ወጥቶበት አልቋል" አሉ። "ባለፈው ዓመትም አንዱ 'የእንትና የልጅ ልጅ ነኝ' ብሎ መጥቶ ቀበሌ ስንመላለስ ከረምን።"

"መሬት አልፈልግም እመቤቴ" አሉ የኔታ። "ዳቦውን ብቻ ያቅምሱኝ።"

"ዳቦው የአገሩ ዳቦ ነው። ለማንም እንጋግራለን። እርስዎ ግን ምን ምልክት አለዎት?"

"ምንም የለኝም።"

እማማ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም እንግዳ ነውና፣ ካህንም ነውና ምራታቸውን አዘዙ። ኑጉ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ በሊጡ ሆድ ውስጥ ገባ። እኔ ከቤቱ ጥግ ተቀምጬ እጸልያለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አላውቅም። ዳቦው በሰፌድ ትኩሱን መጣ። መዳፍ ታክላለች። የኔታ ቆረሱት፤ ሆዱ ጥቁር ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ።

ያ ፊት መጣ።

"ይሄ አይደለም" አሉ። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። አስቸገርናችሁ። ስንዱ፣ ተነሽ።"

ነጠላዬን ለመንገድ አጣፋሁ። እማማ ዘውዴ ግን ደማቸው ፈላ፤ የአገራቸው ዳቦ ተነካባቸዋ። "ምነው? ምን ጎደለው እቴ? እኛ ከአያቶቻችን ስንጋግረው የኖርነውን!"

"ምንም አልጎደለውም፤ ጥሩ ዳቦ ነው። የኔው ግን አሁን ስቀምሰው ትዝ አለኝ። እሱ ማር ነበረው። ከኑጉ ጋር የተለወሰ ማር።"

 እማማ ዘውዴ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ማን ነገረዎት?" አሉ።

"ማንም አልነገረኝም። በላሁት እኮ።"

"ማሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም" አሉ እማማ ዘውዴ። ድምፃቸው ተቀየረ። "እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል። የዚህች ዳቦ ባለቤት ጎረቤታችን ነበረች። በበዓታ ዕለት ነው ልጇን የሰጠችው፤ እመቤታችን ቤተ መቅደስ በገባችበት ቀን እኔም ልጄን ልስጥ ብላ። ለመንገዱ ኑግ በማር ለውሳ ጋገረችለት። ከእሱ በፊት በዚህ አገር የኑግ ዳቦ የሚባል አልነበረም። በዓመቱ በበዓታ የመንደሩን ልጅ ሰብስባ ጋገረችልን፤ ማር ግን የለውም። 'እትዬ፣ ማሩስ?' ብላት 'ማሩ እሱ ሲመለስ' አለችኝ። በየዓመቱ እንዲሁ። እያረጀች ስትሄድ የመንደሩ ሴት ሁሉ እሷን አይቶ ለልጁ መጋገር ጀመረ። ማር መጨመር ነውር ሆኖ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ማንም አያውቅም።"

ቀና ብለው የኔታን አዩአቸው።

"አንተ ነህ?" አሉ።

"አንተ" ያላቸው ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የኔታ በትራቸውን ጥለው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ መንደር ሲፈልጉ ነበር፤ መንደሩ ግን ዳቦውን ያወቀው በእሳቸው መሄድ ነው። እኔ በጥጌ ሆኜ አለቀስኩ፤ የእማማ ዘውዴ ምራት ጭምር አለቀሰች። የኔታ ግን ገና አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

"ስለቷን አልፈጸመችም ብለው ሰዎች አልተቀየሟትም? ካህናቱስ?"

"አንዳንዱ ያማት ነበር። 'ልጅሽስ?' ይሏታል። እሷ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ 'መንገድ ላይ ነው' ነበር የምትለው። ደርግ በወደቀበት ዓመት እስክትሞት ድረስ 'መንገድ ላይ ነው' እንዳለች ነው። ኑግ ልትሸጥም መካነ ኢየሱስ ገበያ ትወጣ ነበር፤ የቆሎ ተማሪ ካየች አፉን ታያለች።"

የዚያን ጊዜ የኔታን ፊት አላየሁም፤ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው መካነ ኢየሱስ ከገቡ በኋላ እናትየዋ ስንት ገበያ እንደወጣች ለመቁጠር ስሞክር ራሴን ገሠጽኩት።

"ስሟ ማን ነበር?" አሉ የኔታ።

"እታለማሁ።"

"እታለማሁ" አሉ። ደገሙት።

የኔታ ወደ መካነ ኢየሱስ አልተመለሱም። እኔ በቅሎዋን ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ፤ በሳምንቱ ልብሳቸውንና መጽሐፋቸውን ላክንላቸው። የሸንበቂት ማርያምን ደጅ እስካረፉበት ቀን ድረስ ስምንት ዓመት አገለገሉ። ማኅሌት ቆሙ፣ የመንደሩን ልጅ ፊደል አስቆጠሩ፣ ሁለት ዲያቆን አወጡ። ሲደክማቸው "ትንሽ ይረፉ" ሲባሉ "አንድ ዓመት ነበር የለመንሁ፤ ትርፉን እየሠራሁ ነው" ይሉ ነበር አሉ። የተቀበሩትም ከእናታቸው አጠገብ ነው።

እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያውን በዓታ ነው። ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ። ሴቶቹ እማማ ዘውዴ ቤት ተሰብስበዋል፤ የተወቀጠው ኑግ በገበታ ተዘርግቷል፤ ማሩ በቅል ቀርቧል። ማንም ደፍሮ አይነካውም። ስንት ዓመት ነውር ሲባል የኖረ ነገር ነውና ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። የኔታ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

እማማ ዘውዴ ቅሉን አነሡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞሩና፣ ለማርያም ይሁን ለእታለማሁ አላውቅም፣ "ደርሷል" አሉ። ማሩን አፈሰሱት። ከዚያ ልጆቹን እንድጠራ እኔን ላኩኝ።